ሰርግ ለምትደግሱ፦ ቪዲዮአችሁ በሌላ ሰው ዲቪዲ ላይ እንዳይሠራ ተጠንቀቁ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላና በአካባቢው በመጪው ጥር ሰርግ ለምትደግሱ ሁሉ ይድረስ። አንዳንድ ቪዲዮ ቤቶች «ሙሉ ኤችዲ» (ከፍተኛ የምስል ጥራት) ብለው ይዋዋሉና ከዓመታት በፊት ለሌላ ሙሽሮች የሠሩትን የዲቪዲ ፕሮጀክት፣ ማለትም የቅንብሩን ፋይል፣ ከፍተው የእናንተን ቀረጻ እዚያው ውስጥ ይተኩበታል። በእኅቴ ሰርግ የተደረገው ይኸው ነው።

ዲቪዲው ሲከፈት በሚመጣው ማውጫ ላይ የእኅቴ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን የማናውቃቸው ሰዎች ስም ነው። «ቅልቅል» የሚለው ሲመረጥ ገና ምሳ እየተበላ ነው፤ የክፍሎቹ መነሻ ሰዓት ከአሮጌው ሰርግ አልተነካምና። ከሁሉ ያንገበገበን የአያታችን ምርቃት ነው። የአሮጌው ሥራ ማብቂያ ላይ ሲደርስ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ገና ሳይጨርሱ ተቆርጧል።

ስም ማረም ቀላል ነው። የባሰው የጥራቱ ነገር ነው። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚሠራ ዲቪዲ ምስሉ 720 በ576 ነጥብ ሲሆን፣ ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ በነጥብ ብዛት አምስት እጥፍ ማለት ነው። በዲቪዲው ልክ የወጣ ምስል በኋላ በፍላሽ ቢሰጣችሁም የጠፋው አይመለስም። የእኅቴ ቀሚስ ጥልፍ፣ እናቴ ስንት ሸማኔ አማርጣ ያሠራችው ጥበብ፣ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ቀርቷል። ፕሮጀክቱ ለድሮው 4 በ3 ቴሌቪዥን የተሠራ ከሆነማ ሰዉ ሁሉ ያለቅጥ ቀጥኖ ይታያል።

የማውጫውን ጌጥ እንደገና መጠቀም ነውር የለውም። ግን ቪዲዮው መጀመሪያ በሙሉ ኤችዲ በአዲስ ፕሮጀክት ይቀናበር፤ ዲቪዲ የሚፈልግ ካለ ከዚያ ይወጣለታል።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «1920 በ1080» የሚለውን ቁጥር ውሉ ላይ አስጽፉ። ስትረከቡ የፋይሉን ዝርዝር በኮምፒውተር ተመልከቱ፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ምስሉ ከደበዘዘ ከዲቪዲ ተለጥጦ ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው ሳታዩ ቀሪውን ክፍያ አትስጡ። ጥሬውን ቀረጻ ደግሞ በሰርጉ ማግስት በራሳችሁ ሃርድ ዲስክ አስገልብጡ። እኛ ይታረምልን ብለን ስንሄድ የካሜራው ካርድ ለሌላ ሰርግ ተብሎ ተደምስሶ ነበር፤ ቪዲዮ ቤቱም ገንዘባችንን እስካሁን አልመለሰም።