የእናቴን ሲንጀር ላዳኑልኝ የሽሮ ሜዳው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን ጽሁፍ ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር መጻፍ የነበረብኝ። ግን ከባሌ ተራሮች እስክመለስ ልጠብቅ አልኩ። የሰፋሁት ቦርሳ ተፈትኖ ሲያልፍ ማየት ፈልጌ ነው። አለፈ። አሁን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። የስፌት መኪናው የተበላሸበት ሰው ሁሉ፣ ጋሼን ሳያማክር መኪናውን አይሽጥ። አይጣል። ለማንም አይስጥ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ተራራ መውጣት እወዳለሁ፤ ይዤ የምወጣውን ዕቃም ራሴ እሰፋለሁ። ከውጭ የሚመጣ የጀርባ ቦርሳና ድንኳን ዋጋው አይቀመስም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ የሁሉንም ሰው መልእክት ሊሸከም አይችልም። እናም ከአራት ዓመት በፊት ከተሰበሩ ጃንጥላዎች ጀመርኩ። የጃንጥላ ጨርቅ ቀላል ነው፣ ውሃም ያንሸራትታል። ለልብስና ለእህል መያዣ የሚሆኑ ትንንሽ ከረጢቶች ሠራሁበት። ቀጥሎ ለቦርሳ የዝናብ ሽፋን። ቀጥሎ ቦርሳውን ራሱን። ማንገቻውን የሠራሁት ከሶማሌ ተራ በገዛሁት የመኪና የደህንነት ቀበቶ ነው። ጠንካራ ነው፣ ትከሻ ላይም ለስላሳ ነው። ለምትሞክሩ ሁሉ እመክራለሁ።

የምሰፋበት መኪና የእናቴ ነው። ጥቁር፣ በእግር የሚረገጥ፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት ሲንጀር። 15ኬ ይባላል። "ኬ" የምትለዋ ፊደል ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በምትባል ከተማ የነበረውን የኪልቦዊ ፋብሪካ እንደምትጠቁም ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ፋብሪካው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ተዘግቷል። መኪናው ግን ዛሬም ቤታችን ውስጥ ይሠራል። እናቴ ደሴ እያለን አራት ልጅ ያሳደገችው በእሱ ነው። ነሐሴ ላይ የተማሪ ካኪ ትሰፋ ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም። እኔ የምተኛው የመኪናውን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ድምፁ ሲቆም እነቃ ነበር።

አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ አትሰፋም። መኪናውን ለእኔ ስትሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ "ዘይት አትንፈጊው።"

ታዲያ ባለፈው ዓመት ያ መኪና መታወክ ጀመረ። ስፌት ይዘላል። ወፍራም ነገር ላይ መርፌ ይሰብራል። እናቴ ድምፁን ከጓዳ ሰምታ "ምን አደረግሽው?" ትለኛለች። ምን አደረግኩት? እኔም አላውቅም።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ ስሙን አልጠራም። ሁለት ወር አቆዩብኝ። "ነገ ነይ።" "ሰኞ ነይ።" "ልጁ ወጥቷል።" ከሥራ እያስፈቀድኩ፣ ታክሲ እየተሰለፍኩ እሄዳለሁ፤ መኪናው ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ አገኘዋለሁ። በመጨረሻ 2,500 ብር ከፍዬ ወሰድኩት። ቤት ስሞክረው ከበፊቱ ባሰ። ተመልሼ ስጠይቅ "እኛ ስንሰጥሽ ይሠራ ነበር" አሉኝ። በቃ። ሌላ መልስ የለም።

ሁለተኛው ቦታ ገና ሳይከፍተው "ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ በብረቱ ዋጋ ልግዛሽ" አለኝ። የእናቴን ዕቃ! የእኛን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለውን ዕቃ! እጄ እየተንቀጠቀጠ ይዤ ወጣሁ።

ሦስተኛው ደግሞ የምሰፋውን ስነግረው ሳቀብኝ። "ሴት ልጅ ድንኳን ሰፍታ ምን ልትሆን ነው?" አለኝ ሠራተኞቹ ፊት። እኔ ለጥገና ነው የሄድኩት፤ ለፍርድ አልነበረም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ አልቅሻለሁ። መኪናውን በአንሶላ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። ለወራት አልነካሁትም።

ጋሼን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። አጋጣሚ ካላችሁት። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጥተን ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ። በታመመው መኪና የሰፋሁት የመጨረሻው ቦርሳ ነው። አቅፌው ወረድኩ። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ፣ ከጥበብ ልብስ ሱቆቹ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በሩ ላይ አንድ የስፌት መኪና የተቀመጠበት ጠባብ ክፍል አየሁ። ማንገቻውን ለጊዜው እንዲይዙልኝ ብዬ ገባሁ።

ሽማግሌ ናቸው። መነጽር፣ ሰማያዊ ካፖርት። ቦርሳውን ተቀበሉኝና አልሰፉትም። ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ገለበጡት፤ እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ይቺን ማን ሰፋት?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"እጅሽ ደህና ነው። መኪናሽ ነው የታመመው።"

አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ቦታ ስሄድ አንድም ሰው ስፌቱን ልይ አላለኝም። እሳቸው መኪናውን ሳያዩ፣ ስፌቱን ብቻ አይተው አወቁት።

ጠጋ ብለው አሳዩኝ። እኔ ከላይ ጥቁር ክር፣ ከታች ነጭ ክር ነበር የተጠቀምኩት። ጥቁሩ ስፌት ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ይታያል። "ይሄ ነጩ እዚህ ምን ይሠራል? ከታች መቅረት ነበረበት። የታቹ ስለላላ የላዩ ስቦ አወጣው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የላዩን ሳጠብቅ ነው የኖርኩት! ባጠበቅኩ ቁጥር እያባባስኩት ነበር ማለት ነው።

"ሰኞ አምጪያት" አሉኝ። ማንገቻውን በደንብ ሰፍተው ሰጡኝ። ሒሳብ ስል እጃቸውን አወዛወዙ።

ሰኞ የመኪናውን ራስ ብቻ ነቅለን በፎጣ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ጋሼ ካቻቢቴ አላነሱም። መጀመሪያ መንኮራኩሩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። ከዚያ ከሥር ያለችውን የታችኛው ክር የሚገባባትን ትንሽ የብረት ቤት አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ዝም አሉ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጄ፣ ይቺ የዚህ መኪና አይደለችም።"

እንዴት? ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ሰው የእናቴን አውጥቶ በርካሽ ቀይሮብኛል። ከእናቴ ጋር ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ዕቃ ተወስዳለች። የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ መኪናው ከቤት ወጥቶ የተከፈተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ማን እንደሆነ ግን አልጽፍም። ፈጣሪ ያውቀዋል።

ሌላም ብዙ ነገር ሠሩ። አንድ የተጫረ ቦታ አለስልሰው አስተካከሉ፣ የደረቀውን ጥቁር ዘይት ጠርገው ቀጭኑን አጠጡት፣ ቺንጋውን አጠበቁ። ዝርዝሩን አልገባኝም፤ የገባኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ። መርፌዬንም አዩ። በ90 ቁጥር ነበር ሁሉንም የምሰፋው። "ለጃንጥላ ጨርቅ ይሄ ይወፍራል፣ ለመኪና ቀበቶ ይሄ ይቀጥናል" አሉኝ። አሁን ለስሱ 70፣ ለቀበቶው 110 እጠቀማለሁ። ክሬንም ቀየሩት። የጥጥ ክር እርጥበትና ፀሐይ ይበሉታል፣ ሜዳ ላይ ለሚያድር ዕቃ ፖሊስተር ክር ነው አሉኝ። ወፍራም ቦታ ላይ ስደርስ እግሬን አንስቼ መንኮራኩሩን በእጅ እንዳዞርም አሳዩኝ። እንደ ልጃቸው ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ።

ግን ይህን ጽሁፍ የጻፍኩት ለዚህ ብቻ አይደለም።

የክር ቤቷ አልነበራቸውም። በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቀሙትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው ፈለጉ። አንዷም አልገጠመችም። እኔ ደግሞ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ባሌ ጉዞ አለኝ፤ ቦርሳዬም የጓደኛዬም ቦርሳ ገና አልተሰፋም። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው በሩ ላይ ወዳለው የራሳቸው መኪና ሄዱ። ጎንበስ ብለው የራሱን የክር ቤት አወጡ። በእኔ መኪና ከተቱት። ገጠመ።

"ጋሼ፣ እርስዎስ በምን ይሠራሉ?"

"እኔ አሁን ጥገና ነው ያለኝ። ስፌት ይደርሳል። አንቺ መንገድ አለብሽ።"

መያዣ አልጠየቁም። ስልኬን እንኳን የጻፉት እኔ ስለጨቀጨቅኳቸው ነው። ለዚያ ሁሉ ሥራ የተቀበሉኝ 600 ብር ነው።

እውነቱን በኋላ የነገረችኝ አጠገባቸው ቡና የምታፈላው ልጅ ናት። በእነዚያ ቀናት ሰው ሱሪ ሊያሳጥር፣ ዚፕ ሊያስቀይር ሲመጣ "መኪናዬ እረፍት ላይ ናት" እያሉ ይመልሱ ነበር። የዕለት ገቢያቸውን ትተው ነው። ለማያውቋት ልጅ። ይህን ስሰማ እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

የዚያን ሰኞ ማታ መኪናውን መልሼ ገጥሜ ስረግጠው፣ ድምፁ ደሴ የማውቀው ድምፅ ነበር። እናቴ ከጓዳ ወጣች። ምንም አላለችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ የተቆራረጠውን ክር እየለቀመች አመሸች።

በአሥር ምሽት ሁለት ቦርሳ ሰፋሁ። አንድም መርፌ አልሰበርኩም።

ባሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከዲንሾ ተነስተን ሦስት ሌሊት ሜዳ አደርን። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውሃ ያረጋል። ነፋሱ ጅብራውን ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ ስንደርስ ቦርሳዬን አውርጄ እያንዳንዱን ስፌት በጣቴ ዳሰስኩ፤ ልክ ጋሼ እንዳደረጉት። አንዲት ክር አልተፈታችም። ከታች ሁለት ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድኑ አይተናል። ጓደኛዬ ፎቶ ስታነሳቸው እኔ የማንገቻዬን ፎቶ አነሳሁ። ለጋሼ ላሳያቸው።

አሳየኋቸው። ስልኩን ከመነጽራቸው አርቀው፣ አቅርበው አዩት። "ይሄ ሁሉ ሜዳ ነው?" አሉ። ከዚያ ፎቶውን በጣታቸው አስፍተው ማንገቻውን አዩና "አሁን ነጩ ወርዷል" አሉኝ።

የክር ቤታቸውን ስመልስላቸው ከኪሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለች ሌላ አወጡ። ምናለሽ ተራ ራሳቸው ሄደው ፈልገው ያገኟት ናት። ከሦስት የተለያየ ሰው ሦስት አይተው፣ የምትገጥመውን መርጠው። የገዙበትን ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ፤ የታክሲውን እንኳን እምቢ አሉ።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ሂዱ። የእናታችሁ ሲንጀር አልጋ ሥር ካለ አውጡት። ቦርሳም ሆነ ድንኳን፣ መጋረጃም ሆነ የልጅ ልብስ የምትሰፉ ሁሉ ሂዱ። "አይሠራም" የተባላችሁ በተለይ እናንተ ሂዱ። ጋሼ የሚሠራውን ይሠራል፣ የማይሠራውን አይሠራም ይሏችኋል። ዕቃችሁን አይቀይሩባችሁም። አይስቁባችሁም። የዋህ፣ እውነተኛ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ናቸው።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ካስፈለገም አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እሑድና በዓል ዝግ ናቸው። ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አሉ። የመኪናውን ራስ ብቻ ነቅላችሁ ውሰዱ፤ እግሩ አያስፈልግም። የሰፋችሁበትን ጨርቅም ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።