661 ወይስ ሊሙ? የበቆሎ ዘር ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ግንቦት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። «አያ፣ ዘንድሮ የትኛውን ልዝራ?» ጥያቄው አንድ፣ ጠያቂው ብዙ። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መልሴን አልደብቅም፤ ቢኤች 661 የሚባለው ዲቃላ በቆሎ ነው። ሊሙም ጥሩ ዘር ነው፤ ቦታው ላይ እመጣለሁ። ሌላውን ዲቃላ፣ ቢኤች 540ን፣ ግን ለእኛ ለጎጃም ደጋ ቀመስ እርጥብ መሬት አልመክርም። ቅጠሉ በሽታ አይችልም።

አስቀድሜ ጉዴን ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት የዘር ተራዬ ሳይደርስ ዝናቡ ቀደመኝ። ቡሬ ገበያ ላይ አንድ ሰው የሊሙ ከረጢት ይዞ አገኘሁ። ለሁለት ጥማድ፣ ማለት ለግማሽ ሄክታር፣ የሚበቃውን 300 ብር ቀነሰልኝ። የከረጢቱ አፍ በእጅ መርፌ የተሰፋ መሆኑን አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ። ፍሬው ቀይ ነው፤ ቀለሙ እጄ ላይ ሲቀር መድኃኒቱ ነው ብዬ ጓንት ፈልጌ አጠለቅሁ። ለካስ የገበያ በቆሎ ቀለም ተነክሮ ነው! ሐምሌ ላይ አንዱ ደረቴ ድረስ፣ አጠገቡ ያለው ጉልበቴ ድረስ ሆነ። ነሐሴ ላይ የታችኛው ቅጠል በረጃጅም አመድማ ቁስል ተሞላ። ከሁለቱ ጥማድ 14 ኩንታል አገባሁ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ በ661 ከዚያው ስፋት 30 አገባ። 300 ብር አተረፍኩ ብዬ 16 ኩንታል በላኝ።

እና ዋጋ ስትጠይቁኝ ስሌቱን ጨርሳችሁ ጠይቁኝ። ለሄክታር የሚያስፈልገው 25 ኪሎ ነው፤ ለአንድ ጥማድ ስድስት ኪሎ ከሩብ። አንዱ ዘር ከሌላው በኪሎ 20 ብር ቢወደድ፣ በጥማድ ልዩነቱ 125 ብር ብቻ ነው። እዚያው መሬት ላይ ለዩሪያና ለኤንፒኤስ የምታፈሱትን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በማዳበሪያ ከስራችሁ በዘር አትቆጥቡ። ካለፈው ዓመት 661 ፍሬ መርጦ መልሶ መዝራትም ቁጠባ አይደለም። ዲቃላ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱ ይወርዳል፣ ቁመቱም ይዘበራረቃል።

661 በ2003 ዓ.ም. ከባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነው፤ አባቶቻችን የለመዱትን 660 እንዲተካ ታስቦ። ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ይስማማዋል። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ መራዊ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። በሽታ አይነካውም አልልም። ደመናና ርጥበት ሲበዛ፣ በተለይ የአምናው አገዳ ማሳው ላይ ከቀረና በበቆሎ ላይ በቆሎ ከተዘራ፣ እሱም ነጥብ ያወጣል። ግን በእኔ ማሳ ቁስሉ ከታች ጀምሮ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ከበቆሎው ራስ፣ ፍሬ ከያዘው፣ በላይ ያሉት ቅጠሎች ሳይቃጠሉ ፍሬው ይሞላል። ዋናውም እሱ ነው፤ ፍሬውን የሚሞሉት እነዚያ ቅጠሎች ናቸው። ተምቹን በተመለከተ ከየትኛውም ዘር ተአምር አትጠብቁ፤ ጠዋት ጠዋት እምቡጡን ገልጦ ማየት ነው።

መራዊ ሁለት የወተት ላም ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለገፈራ፣ ማለት እርጥቡ ታጭዶ አየር ሳይገባው ታምቆ ለሚቀመጠው የከብት መኖ፣ የቱ ይሻላል ይለኛል። አሁንም 661። ረጅም ነው፣ ቅጠሉ ብዙ ነው፤ ከአንድ ማሳ ግማሹን ለገፈራ አጭዶ ግማሹን ለእህል ማቆየት ይቻላል። እሸቱ ከጠነከረ በኋላ፣ ሳይደርቅ እጨዱ። አንዱን ራስ ለሁለት ስበሩና ፍሬውን ከጎን እዩት፤ ጠጣሩ ከላይ ወርዶ ግማሽ ላይ፣ ወተቱ ከታች ከሆነ ሰዓቱ ነው። ከዚያ በጥፍር ስፋት ከትፋችሁ አንድ እፍኝ ጨምቁ። ውሃ ከተንጠባጠበ ፈጥናችኋል። እጃችሁን ስትከፍቱ ኳሱ ቀስ ብሎ ከተፈታ ልክ ነው። ገፈራው የሚታሸግበት ላስቲክ ላይ አትሰስቱ፤ አየር የገባበትን ሻጋታ ላም አትበላም፣ ብትበላም ጉዳት ነው።

የ661 ጉድለት ሁለት ነው። አንደኛ ይዘገያል፤ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ሰኔ አጋማሽ አልፎ የሚዘራ ሰው ዝናቡ መሃል መንገድ ላይ ትቶት ይሄዳል። ሁለተኛ ቁመቱ ንፋስ ይጋብዛል። ባለፈው መስከረም አንድ መስመር ሙሉ ተኝቶብኛል።

ሊሙ የሚያሸንፈው እዚህ ነው። ቀድሞ ይደርሳል። ከዘገያችሁ፣ ወይም እሸት ለመንገደኛ የምትሸጡ ከሆነ፣ ሊሙን ግዙ፣ አልከራከርም። ለጎተራ ግን የእኔ ሊሙ ከ661 ቀድሞ ነቅዟል፤ የበቆሎው ራስ ጫፍ በልባሱ በደንብ ስላልተሸፈነ ይመስለኛል።

የትኛውንም ብትገዙ ከማኅበር ወይም ፈቃድ ካለው ሻጭ ይሁን፤ ስፌቱ የማሽን፣ መለያ ካርዱም ያልተነካ። ቤት ስትደርሱ መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። ደረሰኙንና ካርዱን እስከ ኅዳር አትጣሉ። እኔ ያኔ ደረሰኝ ቢኖረኝ ቢያንስ የምከሰው ሰው አገኝ ነበር።