«ኖ» ወይስ «አወር ብራንድ ኢዝ ክራይሲስ»?

ለኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወጣቶች ስለ ምርጫ ቅስቀሳ አንድ ፊልም ብቻ ማሳየት ከተቻለ፣ እነዚህ ሁለቱ ከብዙዎች ይሻላሉ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኖ» (2012) የፓብሎ ላራይን ልብ ወለድ ፊልም ነው። በ1988 ቺሊዎች ወታደራዊው አምባገነን ፒኖቼ ይቀጥል ወይስ ይውረድ ብለው ድምፅ ሲሰጡ ለየወገኑ በየምሽቱ 15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ሰዓት ተፈቅዶ ነበር። የ«ይውረድ» ወገን ማስታወቂያ ሠሪው የአገዛዙን ግፍ ከመዘርዘር ይልቅ ደስታን ይዞ ይቀርባል፤ ከራሱ ጎራ ሰዎች ጋር የሚገባበት ጭቅጭቅ የፊልሙ ምርጥ ክፍል ነው። የተቀረጸው በዘመኑ የቪዲዮ ካሜራ ስለሆነ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ፣ ቀለሙም የደበዘዘ ነው። ፕሮጀክተሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ወደ ጎን ከተለጠጠ ፊቶች ይጨፈለቃሉ።

«አወር ብራንድ ኢዝ ክራይሲስ» (2005)፣ የሬቸል ቦይንተን ዘጋቢ ፊልም፣ ግን እውነተኛውን ጓዳ ያሳያል። አሜሪካውያን የምርጫ ቅስቀሳ አማካሪዎች በ2002 ቦሊቪያ ጥቂት መራጮችን ክፍል ውስጥ ሰብስበው የሚያስፈራቸውን ያጠናሉ፤ ከዚያ «ቀውስ» የሚለውን መልእክት ይቀርጻሉ፣ ተፎካካሪውንም በማስታወቂያ ያጠለሻሉ። ደንበኛቸው፣ የፕሬዚዳንትነት እጩው ጎንዛሎ ሳንቼዝ ዴ ሎዛዳ፣ 22 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ሥልጣን ያዘ፤ በጥቅምት 2003 ብዙ ሰው በሞተበት ተቃውሞ ለቀቀ።

መራጭ እንዴት እንደሚታለል ለመረዳት ሁለተኛው ይበልጣል። ንግግር ስለሚበዛው የመራጮቹ ውይይት ላይ እያቆሙ በአማርኛ ማስረዳት ያስፈልጋል።