ግራናይቱ ሲሰነጠቅ ሙቀጫውን ነበር የወቀስነው

ደሴ ቤታችን ያለው የኪችን ግራናይት ከሲንኩ ጥግ ተነስቶ እስከ ፊት ጠርዙ ድረስ ተሰነጠቀ። ጥፋተኛው ወዲያው ተገኘ። የእማዬ ሙቀጫ። ነጭ ሽንኩርቱንም ዝንጅብሉንም እዚያው ላይ ነው የምትወቅጠው። እሷም አልተከራከረችም፣ አኩርፋ ሙቀጫዋን ይዛ በረንዳ ወጣች።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ሱቅ (ስሙ ይቅር) ፎቶ ላኩልኝ አለ፣ ላክሁ። "ይሄማ ይቀየራል፣ ግራናይት አይጠገንም" አለኝ፤ መጥቶ እንኳ አላየውም። ዋጋውን ስሰማ እኔም ልሰነጠቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ያለ ትንሽ ግራናይት ቤት ጠቆመኝ። ይህን የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

ሰውየው ሲመጣ ከላይ አልጀመረም። የካቢኔቱን በር ከፈተ፣ በጀርባው ተኛ፣ በስልኩ መብራት ከስር ማየት ጀመረ። ለካ የሲንኩ ሲፎን (ከስሩ ያለው የፍሳሽ ማስወጫ) ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል። የካቢኔቱ ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቀው ሰሌዳ) ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ አብጧል፣ ከዚያ ተፈረካክሷል፣ ድንጋዩም በዚያ በኩል የሚይዘው አጥቶ ባዶ ላይ ተንጠልጥሏል። ለሲንክ ሲቀደድ ከፊትና ከኋላ የሚተርፈው ድንጋይ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ፣ ሸክም ሲበዛበት መጀመሪያ የሚሸነፈው እሱ ነው። "አብሽሩ እማማ፣ ሙቀጫዎ ትንሽ ረድቶት ይሆናል እንጂ ዋናው ውሃው ነው" አላት። እማዬ እኔን አየችኝ። ዝም አልኩ።

ቀጥሎ ጥፍሩን በስንጥቁ ላይ አሳለፈው። ጥፍር ሳይደናቀፍ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ የድንጋዩ የራሱ መስመር ነው፣ ከያዘው ግን ስንጥቅ ነው። የኛ ያዘው። ሁለቱን ጎን ሲዳስስም አንደኛው ዝቅ ብሏል። "ይጠገናል፤ ግን ከስር ሳልደግፍ ከላይ ኮላ ብቀባልህ ብርህን በላሁት ማለት ነው" አለኝ። እዚህ ላይ ነው ያመንኩት።

ታዲያ መቼ ነው የሚቀየረው ስለው፣ ቁራጩ ወልቆ ከጠፋ ወይም ስንጥቁ ከአንድ ቦታ ወደ ብዙ ቦታ ከሄደ አለ። መቀየሩም ራሱ ጣጣ አለው። የሲንኩን በኩል ብቻ ብትቀይር፣ ስሙ አንድ ዓይነት የሆነ ግራናይት እንኳ ከሌላ ብሎክ ሲቆረጥ ቀለሙ ስለሚለይ፣ አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲተያዩ ይኖራሉ። ወይ ሁሉንም ትቀይራለህ። ሲነሳ ደግሞ የግድግዳው ሴራሚክ ሊሰበር ይችላል። መሃሉ የተቀደደ ድንጋይ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ከኮምቦልቻ ደሴ ማውጣትም ቀላል አይደለም፣ እንደ መስታወት በጎኑ ቆሞና ታስሮ ነው የሚጫነው።

ስለዚህ አስጠገንኩ። ሲፎኑን ቀድሜ በቧንቧ ሠራተኛ አስቀየርኩ። እነሱ የበሰበሰውን ቺፑድ አውጥተው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ) አስገቡ፣ ዝቅ ያለውን ጎን በመኪና ክሪክ ቀስ በቀስ አነሱት፣ እኩል ሲሆን ስንጥቁን አጽድተው ጥቁር ቀለም የገባበት ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ሞሉት። የደሴ ብርድ ኢፖክሲ ቶሎ አያደርቅም፤ ሁለት ቀን አትንኩት ብለው ሄዱ። ተመልሰው የተረፈውን በምላጭ ላጭተው በማሽን አለሰለሱት።

ብሩን አልጽፍም፣ ሳምንት ሳይቆይ ይቀየራል። ግን ለአዲስ ከተጠየቅሁት አንድ አምስተኛውን አይሞላም።

ቅሬታም አለኝ። ከቀጠሮው ሁለት ቀን ዘግይተው ነው የመጡት፣ ስልክም አያነሱም። አቧራውማ አይወራ፣ በርበሬ ማሰሮ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል፤ ምንም አልሸፈኑም። ልጆቹም ያለ ጭምብል ነው የሚፈጩት። የግራናይት አቧራ ሳንባ ይጎዳል፣ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሳቁ። ስንጥቁም ጨርሶ አልጠፋም። ጠዋት ብርሃን ከመስኮቱ በጎን ሲገባ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል። እንደ አዲስ ይሆናል ብሎ ቃል የሚገባላችሁ ካለ አትመኑት፣ እኚህ ቢያንስ ቀድመው ነግረውኛል።

የተጠገነው ቦታ ላይ ትኩስ ድስት ወይም ምጣድ አይቀመጥም፣ ኢፖክሲው በሙቀት ይላላል። የናንተ እምነበረድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ እሱ ለስላሳ ነው፣ ሎሚና ኮምጣጤ ሲፈስበት ወዙን ይበሉታል፣ ያ ግን ብዙ ጊዜ እንደገና ሲወለወል የሚመለስ ነገር ነው፣ ለሱ ብሎ መቀየር ብር መጣል ነው።

ከአምስት አራት ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱን የወሰደው አቧራው ነው። ስምንት ወር ሆነው፣ ስንጥቁ አልተከፈተም፣ ከስርም ደረቅ ነው፤ በየጊዜው በእጄ እዳስሰዋለሁ። ሙቀጫውም ከበረንዳ ተመልሷል። ከሲንኩ ራቅ ብሎ፣ ከስሩ የታጠፈ ፎጣ ተደርጎለት። እማዬ ግን እስካሁን ይቅርታ እየጠበቀች ነው።