ኮቶፓክሲ ወይስ ቻቻኒ? ገንዘባችሁን የቱ ተራራ ላይ ታወጣላችሁ?

ኦልድ ራግን ወጥቶ የወረደ ጓደኛ ሁሉ ሰሞኑን "አንዲስ ልሂድ" ይለኛል። ለማያውቀው፣ አንዲስ የደቡብ አሜሪካ የተራራ ሰንሰለት ነው፤ ኦልድ ራግ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ 1,000 ሜትር ገደማ የሆነ ተራራ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ ቤት ይገባል። ከዚያ ወደ 6,000 ሜትር መዝለል ድፍረት ይጠይቃል፣ ግን የተዘጋጀ ሰው ይችለዋል። ጥያቄውም ሁሌ አንድ ነው። "ፔሩ ቻቻኒን በ120 ዶላር እናወጣሃለን ይሉኛል። ኢኳዶር ለኮቶፓክሲ 300 ይጠይቁኛል። ምን ልዩነት አለው?"

አለው። መልሴን ከአሁኑ ልናገር፦ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ኢኳዶር ሂዱ። ኮቶፓክሲ ክፍት ከሆነ ኮቶፓክሲ፣ ከተዘጋ እዚያው ኢኳዶር ያለው ካያምቤ። የቻቻኒ መነሻ የሆነችው አሬኪፓ ደስ የምትል ከተማ ናት፣ ምግቧም ለእኔ ከኢኳዶሯ ኪቶ ይጥመኛል። ግን 120 ዶላሩ 120 ላይ አይቆምም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የቻቻኒ የሁለት ቀን ጉዞ በቡድን ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 160 ዶላር ይባላል። መኪና፣ ድንኳን፣ ምግብና ጋይድ አለው። ከዚያ ጫማ ለብቻ፣ ወፍራም ጃኬት ለብቻ፣ ስሊፒንግ ባጉ ስስ ከሆነባችሁ ሌላ ለብቻ፣ ጓንት ለብቻ እያሉ ይደምሩባችኋል። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፣ ሲጠራቀም ግን 40 እና 50 ዶላር ይገባል። ኮቶፓክሲ ደግሞ ከ250 እስከ 350 ነው። በዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጫማው፣ ክራምፖኑ (ጫማ ስር የሚታሰረው የብረት ጥርስ)፣ የበረዶ መጥረቢያው፣ ገመዱ የሚታሰርበት ቀበቶ፣ ሄልሜቱ፣ የመጠለያው አልጋና ምግቡ ተካቷል። "ተካቷል" ሲሏችሁ ግን ዝርዝሩን አስጽፉ። ጓንትና የራስ ባትሪ የሚዘልሉ አሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ዋጋ ሁለት ሰው አንድ ጋይድ ሲካፈል ነው። ኢኳዶር በረዶ ግግር ላይ ያለ ፈቃድ ያለው ጋይድ መውጣት አይፈቀድም፣ አንድ ጋይድም ከሁለት ሰው በላይ በገመድ አይዝም። ብቻችሁን ከሄዳችሁ የጋይዱን ቀን ሙሉውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አቻ ፈልጉ። ያውም አቅሙ የሚመጣጠን ሰው፣ ምክንያቱም በአንድ ገመድ ከታሰራችሁ እሱ ሲደክም የምትመለሱት አብራችሁ ነው።

ቀጥሎ ትኬቱ። ከዋሽንግተንም ከኒውዮርክም ኪቶ ከአሬኪፓ ይቀርባል። አሬኪፓ ለመድረስ መጀመሪያ ሊማ መግባት፣ ከዚያ የአገር ውስጥ በረራ መያዝ፣ ለሻንጣውም እንደገና መክፈል አለ። ኢኳዶር ደግሞ ከ2000 ጀምሮ የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ስለሆነ ምንዛሪ ላይ የሚበላችሁ የለም። ግን የ50 እና የ100 ኖት ይዛችሁ ሱቅ ብትገቡ አይቀበሏችሁም፤ ዝርዝር ያዙ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ኢኳዶር ከ2010 ወዲህ ቪዛ ስለምትጠይቅ ይህን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ።

ማንም የማይነግራችሁ የኢንሹራንሱን ጉዳይ ነው። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ የከፍታ ጣሪያ አለው። አንዳንዱ 4,500 ሜትር ላይ ያቆማል፣ ተጨማሪ የተከፈለበት ደግሞ 6,000 ላይ። ኮቶፓክሲ 5,897 ሜትር ነው። ቻቻኒ 6,057። ያቺ ትርፍ 57 ሜትር ሌላ የዋጋ እርከን ውስጥ ልትከታችሁ ትችላለች፣ ልዩነቱም ከጠቅላላው የቻቻኒ ጉዞ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ወረቀቱን አንብቡ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን።

አሁን ወደ ትንፋሽ። "እኛ አዲስ አበባ ያደግን ነን፣ ከፍታ አይነካንም" የሚል ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፣ እሺ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አሥር ዓመት የኖረ ሰው ግን ደሙ ያንን ረስቶታል። ዳሽን ላይ የቆመም ቢሆን 4,550 ገደማ ነው የቆመው፤ ቻቻኒ ላይ ድንኳን የሚተከለው 5,200 አካባቢ ነው። ዳሽን አናት ላይ ሌላ 650 ሜትር ጨምራችሁ እዚያ ተኙ እንደማለት ነው።

የቻቻኒ ርካሽነት ምስጢሩም እዚህ ጋ ነው። ከአሬኪፓ፣ ማለትም ከ2,335 ሜትር፣ መኪና አሳፍረው 5,000 ሜትር አካባቢ ያወርዷችኋል። ጥቂት ትሄዳላችሁ፣ ትተኛላችሁ፣ ማለት ትተኛላችሁ ይባላል፣ ከሌሊቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ይቀሰቅሷችኋል። ሰውነት ለመልመድ ጊዜ አላገኘም። ራስ ምታትና ማስታወክ ይዞት ከድንኳኑ ሳይወጣ የተመለሰ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም። ከአሬኪፓ ወጣ ብሎ ያለው ሸለቆ፣ ኮልካ ካንየን፣ ሄዳችሁ ብታድሩ ይረዳል፣ ግን እሱም ሌላ ቀንና ሌላ ሂሳብ ነው።

ኪቶ ራሷ 2,850 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ስትተኙ እየለመዳችሁ ነው። ከከተማው በኬብል መኪና ወደ 4,000 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ በእግራችሁ ሩኩ ፒቺንቻ 4,696 ትደርሳላችሁ፣ ማታ ወርዳችሁ ሾርባችሁን ትጠጣላችሁ። ወጪው አሥር ዶላር ገደማ ነው። ትንሽ ገንዘብ ከተረፋችሁ ኢሊኒሳ ኖርቴን ጨምሩበት፣ 5,126 ነው፣ ድንጋያማና ደስ የሚል። ከዚያ በኋላ ነው የኮቶፓክሲው መጠለያ፣ ሆሴ ሪባስ፣ 4,800 ሜትርን ያለፈ ቦታ ላይ የሚቀበላችሁ። ጣሪያ አለው። ንፋስ አይገባም። ትኩስ ሻይ አለ። ጥቃቅን ይመስላሉ፣ እዚያ ስትደርሱ ግን ትልቅ ናቸው።

ሻይ ካልኩ፣ ፔሩ ውስጥ ሆቴል በገባችሁ ቁጥር የኮካ ቅጠል ሻይ ያቀርቡላችኋል። እዚያ ሕጋዊ ነው። ትራክ የምትነዱ ግን ተጠንቀቁ፤ የሥራ ቦታ የሽንት ምርመራ ላይ ኮኬይን ብሎ ሊያወጣባችሁ ይችላል፣ "ሻይ ነው የጠጣሁት" ማለትም አያድንም። ቅጠሉን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ አሜሪካ መግባትም ወንጀል ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ፣ ከሁሉም በላይ የተቃጠልኩት በሱ ስለሆነ።

ሊማም፣ ኩስኮም፣ አሬኪፓም "ኖርዝ ፌስ" የተጻፈበት ጃኬት በየመንገዱ ተሰቅሏል። ከ30 እስከ 50 ዶላር። ፎርጅድ ነው፣ ሻጩም አይደብቀውም። ለከተማ ብርድ ምንም አይልም። ለ5,000 ሜትር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አብሮን የወጣ ልጅ አንዱን ገዝቶ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ከጎን እየገረፈን፣ ዚፑ ከታች ተከፈተ። ላይኛው ተዘግቷል፣ ታችኛው አፉን ከፍቷል፣ መሳቢያው ወደላይም ወደታችም አይሄድም። ጋይዱ ውሃ መያዣው ላይ ጠቅልሎ የያዘውን ፕላስተር ፈታ፣ ልጁን እንደ ፖስታ ዕቃ ዙሪያውን አሸገው። ሽንቱን ሳይሸና ወረደ።

ስትገዙ እንዲህ ፈትኑት። በእጃችሁ ጨምቁትና ልቀቁት፤ እውነተኛ ላባ ቶሎ ይነፋል፣ ፎርጅዱ እንደተጨመቀ ይቀራል ወይም የላባው እንጨት ይወጋችኋል። ስፌቱን ዳብሱ፣ ላባ ብቅ እያለ ከሆነ ተዉት። የዝናብ ጃኬት ከሆነ ገልብጡት፤ እውነተኛው ስፌቱ ሁሉ ከውስጥ በፕላስቲክ ጥብጣብ ተሸፍኗል። ዚፑን ሃያ ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ ሻጩ ቢቆጣም። የኔ ምክር ግን ጭራሽ እዚያ አትግዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው የመለሰውን ወይም የለበሰውን ኦርጅናል ፈልጉ፣ በ80 እና በ100 ዶላር ይገኛል። ሳልባጅ ኦርጅናል ከአዲስ ፎርጅድ በስንት ጣዕሙ።

ጫማ ደግሞ የባሰ ነው። የኪራይ ጫማ ከላይ ቆዳው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። እናንተ ግን ጎኑን እዩ፣ በሶሉና በቆዳው መካከል ያለውን ስፖንጅ መሰል ነገር። እሱ ከዓመታት በኋላ ባይለበስም እንኳ በራሱ ይበሰብሳል። በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ሌላ አምጡ በሉ። ቤታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ስምንት ዓመት የተቀመጠውም ያው ነው፣ "አንድ ቀን ነው ያደረግሁት" አይጠቅምም። ሶሉ ከተላቀቀ የከተማ ጫማ ሰፊ በጥቂት ዶላር በማስቲሽ ይለጥፍላችኋል፣ ለከተማ ይሆናል፣ ለበረዶ አይሆንም። 

ክራምፖኑን እዚያው ኪራይ ቤት ጫማችሁ ላይ እሰሩት፣ እግራችሁን አንሡና አራግፉት። ከተንቀጠቀጠ ልኩ አይደለም። እዚህ ላይ ኢኳዶርን የምመርጥበት ሌላ ምክንያት አለ። ኮቶፓክሲና ካያምቤ ላይ በረዶው ሁልጊዜ ስላለ፣ ክራምፖን የዕለት ተዕለት ዕቃቸው ነው፣ ጫማውም ለሱ የተሠራ ጠንካራ ነው። ቻቻኒ ብዙ ጊዜ ደረቅ አሸዋና ድንጋይ ነው። በረዶ የወረደ ሰሞን ግን ከመጋዘን የተረሳ ክራምፖን አውጥተው ለለስላሳ ጫማ ሊያስሩላችሁ ይሞክራሉ። የኛ አንዱ ማሰሪያ ሲሳብ ተበጠሰ። የድርጅቱ ሰው ገመድ ቋጠረለትና "አሁን ጥሩ ነው" አለ።

ለቻቻኒ ፍትሐዊ ልሁን። የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ መውደቅ የሚያስፈራችሁ፣ በገመድ መታሰር የማትፈልጉ፣ "6,000 ወጣሁ" ማለት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ እሱ ነው የናንተ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሰማዩም አስተማማኝ ነው። ቀድሞ ከፍታ የለመደ ሰው፣ ለምሳሌ ከኩስኮ ወይም ከቦሊቪያ የሚመጣ፣ በርካሽ ይጨርሰዋል። ጎኑ ያለውን ሚስቲን ግን "ያምራል" ብላችሁ እንዳትገቡበት። 5,822 ሜትር ነው፣ መንገዱ ላይ ውሃ የለም፣ ለሁለት ቀን የምትጠጡትን ተሸክማችሁ በሚንሸራተት አሸዋ ሁለት ወደፊት አንድ ወደኋላ ነው።

የኮቶፓክሲ እንከን አንድ ነው፣ ትልቅ ነው። ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። በ2015 ነሐሴ ፈንድቶ እስከ 2017 ጥቅምት ተራራውን ለሚወጡ ተዘግቶ ነበር። በ2022 ጥቅምት እንደገና አመድ መትፋት ሲጀምር ድጋሚ ተዘጋ። ኪቶ ያለው የጂኦፊዚክስ ተቋም በየጊዜው መግለጫ ያወጣል፣ ከመክፈላችሁ በፊት እሱን እዩ። ካያምቤ 5,790 ሜትር ነው፣ የምድር ወገብ በራሱ በተራራው ላይ ያልፋል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ በረዶው ከኮቶፓክሲ ያምራል። ስሙ ስላልገነነ ነው ሰው የማይጠይቀው። ቺምቦራሶን፣ 6,263 ሜትሩን፣ ለሌላ ጊዜ ተዉት፤ ድንጋይ የሚወርድበት ነው፣ ለጀማሪ አይደለም።

ደህንነቱስ ለምትሉ፣ ከ2024 ወዲህ ኢኳዶር ላይ የምትሰሙት ዜና ውሸት አይደለም። የባሰው የባሕር ዳርቻው አካባቢ ነው። ኪቶም ቢሆን ማታ በእግር አትዙሩ፣ ታክሲ በመተግበሪያ ጥሩ፣ የወደብ ከተማዋን ጓያኪልን እለፏት።

ፆም የምትይዙ ደግሞ ቀኑን አስቡበት። ኢኳዶር ከሚመረጡት ወራት ታኅሣሥ ላይ ፆመ ነቢያት፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ይገጥማችኋል። መጠለያው የሚሰጠው የድንች ሾርባ አይብ አለበት። ቀድማችሁ "ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሌቼ" (ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ወተት) ብላችሁ አስመዝግቡ፣ ሩዝና ባቄላ ያመጡላችኋል። ኦቾሎኒና ቆሎ ከቤት ያዙ፣ ብርዱ ላይ ቸኮሌት ድንጋይ ሲሆን ቆሎው ይበላል።

ቀብድ ሲጠይቋችሁ ከሩብ በላይ አትላኩ። "ኮቶፓክሲ ከተዘጋ ካያምቤ በዚሁ ዋጋ" የሚል ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ይላኩላችሁ፣ የጋይዱንም የፈቃድ ወረቀት ፎቶ። ይህን ለመላክ የሚያቅማማ ካለ 50 ዶላር ቢቀንስላችሁም ተዉት። ለጋይዱ ቲፕ ከ20 እስከ 40 ዶላር በትንንሽ ኖት ለይታችሁ ያዙ።