ከ20 ዓመት በኋላ ኪሮሽ ስይዝ፦ መርካቶ ያገኘኋት ክር ቤት

ኪሮሽ የጣልኩት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እማዬ ለሶፋው፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለረከቦቱ ሳይቀር ዳንቴል ትሠራ ነበር፤ እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ በኪሮሽ የክር ሰንሰለት ስጎትት ነው ያደግኩት። ከዚያ ትምህርት፣ ሥራ፣ ስልክ መጣና ተረሳ። አሁን እህቴ ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት፣ የሕፃኑን ብርድ ልብስ በእጄ ካልሠራሁ ብዬ መርካቶ ወረድኩ።

ሱቋ ሸማ ተራ አካባቢ ናት። ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ክሩ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ ባለሱቋም የሚሸጡትን ያውቃሉ። ፀጉራም፣ በጣም የሚያምር ክር አንስቼ ለሕፃን ነው ስላቸው "ተይው የኔ ልጅ፣ ፀጉሩ እየተነቀለ አፉ ውስጥ ይገባል" ብለው ከእጄ ወሰዱት። ለስላሳ አክሪሊክና 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሰጡኝ። ካውያ እንዳይነካው፣ እንደሚቀልጥም ነገሩኝ። እጄ እንደጠፋበት ሳያዩ አልቀሩም፤ ክሩን ጠቋሚ ጣታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ባንኮኒው ላይ አንድ መስመር ቀስ ብለው ሠርተው አሳዩኝ። እኔ ክሩን አንቄ ነበር የምይዘው፣ ለካ የክሩ ቀለበት እየጠበቀ ኪሮሹ አልገባ የሚለኝ ለዚያ ነው።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ። አምስት ጥቅል ይበቃሻል ተብዬ አልበቃኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ቁጥር ገዛሁ፤ ስቀጥለው ግን መሐሉ ላይ እንደ መቀነት ጎልቶ ወጣ። ጥቅሉ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተነከረበት ዙር ቁጥር አለ፣ እሱ ካልገጠመ ቀለሙ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ስምንት መስመር ፈትቼ፣ ከአሮጌውና ከአዲሱ ሁለት ሁለት መስመር እያፈራረቅኩ ነው ያዳንኩት። ስለዚህ ስትገዙ ሁለት ጥቅል ጨምራችሁ፣ የዙሩን ቁጥር አይታችሁ ግዙ።

የሹራብ መርፌ ከዚህ አልመክርም። ያለው አሉሚኒየም ብቻ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ለጀማሪ ቀለበት ያመልጣል። ቀርከሃ ካገኛችሁ ክሩን ይዞ ያቆይላችኋል። ለክሩ ግን ሂዱ፣ ብቻ ቅዳሜ አትሞክሩት።

ባለፈው እሁድ ብርድ ልብሱን ለእማዬ አሳየኋት። ፊቱን ሳታይ ገልብጣ ጀርባውን መረመረች። ከዚያ "ጠርዙን እኔ እጨርሰዋለሁ" ብላ ኪሮሹንም ጭምር ወሰደችብኝ።