በውል መሀል ኪራይ ለተጨመረባችሁ፦ ለአንዲት የወረዳ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህ ምስጋና በአዲስ አበባ፣ በአንድ ወረዳ የቤቶች ጽሕፈት ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ለምትመዘግብና የኪራይ አቤቱታ ለምትቀበል እህታችን ነው። ሳትፈቅድ ስሟን አደባባይ ማውጣት ስለማይገባን አንጠቅሰውም። ሥራዋን ግን መናገር አለብን። ብዙ ተከራይ «ከመጪው ወር ጀምሮ ጨምር፣ ካልሆነ ቤቱን ልቀቅ» ሲባል ቀድሞ የሚደውለው ለደላላ ነው፤ ወረዳው ትዝ የሚለው ዕቃው ሊወጣ ሲል ነው።

ባለጉዳይ ገና ወንበር ሳይዝ «እስቲ ውሉን» ትላለች። አራት ነገር ታያለች፦ የተፈረመበትን ቀን፣ የውሉን ዘመን፣ የተጻፈውን ዋጋ፣ የምዝገባውን ማህተም። ከዚያ በኋላ ነው ስንት እንደተጨመረ የምትጠይቀው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን በመርህ ደረጃ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ የሚቻለው በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሰኔ መጨረሻ ይፋ በሚያደርገው መጠን ልክ። እንግዲህ ኅዳር ላይ «ኑሮ ተወደደ» ተብሎ በስልክ የሚነገር ጭማሪ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊትም ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ባደረጉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ደንግጓል።

ከእሷ የሰማነው ትልቁ ምክር ገንዘብ አከፋፈል ላይ ነው። ጭማሪውን «ለጊዜው ልክፈልና በኋላ እከራከራለሁ» ብሎ አንድ ወር መክፈል ነገሩን ያበላሻል፤ አከራዩ የባንኩን ወረቀት ይዞ «ተስማምቶ ነው የከፈለኝ» ይላል። ተናዶ ኪራይ ማቆም ደግሞ የባሰ ነው። ኪራይ ማዘግየት ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ስለሚሆን፣ ጥፋቱ የአከራዩ የነበረ ጉዳይ በአንድ ጊዜ የተከራዩ ይሆናል። መንገዱ ቀላል ነው፦ የቀድሞውን ዋጋ፣ በቀኑ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል። የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የኅዳር ወር የቤት ኪራይ» ብሎ መጻፍ። ገንዘቡ ውሉ ላይ በተጠቀሰው ሰው ሒሳብ ይግባ፤ በልጁ ወይም በዘመድ ሒሳብ የገባ ገንዘብ ኋላ «ብድሩን መለሰልኝ» ሊባል ይችላል። አከራዩ አልቀበልም ካለ ገንዘቡን ከቤት አታስቀምጡ፤ በፍርድ ቤት በኩል ማስያዝ ስለሚቻል ቶሎ የሕግ ሰው አማክሩ።

ሁለተኛው ችግር ከሁሉ ይከፋል። ውሉ ላይ ለምሳሌ 8,000 ብር ተጽፎ በእጅ ሌላ 5,000 ብር የሚከፈልበት አሠራር አለ፤ አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር እንዲቀልለት የሚያደርገው ነው። ተከራዩም ቤት እንዳያመልጠው ብሎ ይፈርማል። በእጅ የሚሰጠው 5,000 ሲያድግ ማስረጃ የለም፤ አቤት ቢል «ጨመረብኝ» የሚለው ገንዘብ በወረቀት ላይ ጨርሶ አልነበረም። ስለዚህ እህታችን ውል ስትመዘግብ ሁለቱንም ፊት ለፊት አስቀምጣ «የምትከፍለው ይህን ብቻ ነው? የምትቀበለውስ?» ብላ ጮክ አድርጋ ትጠይቃለች። በሥራዋ ከምናደንቀው ሁሉ ይህ ይበልጥብናል፤ ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ብዙ ቤት ግን ከጭቅጭቅ ያድናል።

በውኃና በመብራት ስም የሚመጣ ጭማሪም አለ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ አከፋፈሉ (በሰው ቁጥር ነው ወይስ በክፍል?) ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ቢሉንም በየወሩ በስልክ ፎቶ አንሱት።

አቤቱታ አጻጻፍ ላይ ረጅም እሮሮ አትፈልግም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የቤቱ አድራሻ፣ ውሉ የተፈረመበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የውሉ ዋጋ፣ የተጠየቀው አዲስ ዋጋ፣ መቼና በምን እንደተጠየቀ፣ በመጨረሻም የሚፈለገው ውሳኔ። ጭማሪው በቃል ከተነገረ፣ ለአከራዩ በአክብሮት «ትናንት በነገሩኝ መሠረት ከታኅሣሥ ጀምሮ ይህን ያህል ልክፈል ማለትዎ ነው?» የሚል መልእክት ላኩ፤ የሚመጣው መልስ ማስረጃ ይሆናል። አቤቱታውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ሲቀበል በሌላው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ፣ ማህተም አስመትታችሁ ውሰዱ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ጠፋ ቢባል መከራከሪያ የለውም።

ከዚያ አከራዩን ትጠራለች፤ እሱንም በእኩል ትሰማለች። የቤት ባለቤቶች ወጪ እንደሚጨምርባቸው አትክድም፤ የተፈቀደው ጭማሪ መቼና እንዴት እንደሚደረግ አስረድታ፣ የተስማሙበትን በቃለ ጉባኤ ጽፋ ሁለቱንም ታስፈርማለች። አከራዩ ሳይዋረድ ስለሚወጣ ተከራዩም ወደ ቤቱ ሲመለስ በር ላይ ጠብ አይጠብቀውም። በአንድ ግቢ አብሮ ለሚኖር ሰው ይህ ከማሸነፍ ይበልጣል።

ሁሉም ጉዳይ ወረዳ ላይ አያልቅም። ቁልፍ ከተቀየረ ወይም ዕቃ በጉልበት ከወጣ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማመልከት፣ ከዚያም ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ይጠይቁ። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበር አለ።

ወደ ወረዳችሁ ስትሄዱ ዋናውን ውልና ኮፒውን፣ መታወቂያ፣ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ወራት የባንክ ደረሰኞች፣ ከአከራዩ ጋር የተለዋወጣችሁትን መልእክት በወረቀት አትማችሁ ያዙ። የፈረመላችሁ ወኪል ከሆነ የውክልናውን ኮፒ ጨምሩ፤ ያለ እሱ ጉዳዩ አንድ እርምጃ አይሄድም።

እህታችን፣ ስንቱን ቤተሰብ ከነልጆቹ ከጎዳና አተረፍሽ! እግዚአብሔር ያክብርልን፤ አለቆችሽም ሥራሽን ይዩልሽ።